ዝም ያለው ጉልበት

ድሬዳዋ፣ ከዚራ
ጥር ፭ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሸዋገነት። የቁልቢው ገብርኤል በሰው አገር ከለላ ይሁንሽ፤ የቤይሩትን ብርድ ያቅልልሽ። እኛ ከአባትሽ ጉልበት በቀር ደህና ነን።

ያ ጉልበት ፉርጎ ላይ ሲወጡና ሲወርዱ ያለቀ መሆኑን ታውቂያለሽ። ሕመሙ ከተወኝ በእግሬ እመጣለሁ ብለው ለገብርኤል ተስለው ነበር። በታኅሣሥ መጀመሪያ ሐኪሙ ሕመሙን የሚያደነዝዝ መርፌ ወጋቸውና አንድ ወር ይረፉ አላቸው። አባትሽ ግን ሕመሙ ሲጠፋ ስለቴ ሰመረ ብለው ለንግሡ ያን ሁሉ ዳገት በእግራቸው ወጡት። ሲመለሱ ጎረቤታችን ዑመር በጭነት መኪናው አመጣቸው። ጉልበታቸው ዱባ አክሏል፤ እሳቸው ግን «ምንም አላመመኝም» ይላሉ።

ሐኪሙ አልተቆጣም። «ነርቭ እንደ ቴሌግራም ሽቦ ነው» አላቸው። «ጉልበትዎ ሲጎዳ በዚያ ይነግርዎት ነበር፤ እርስዎም እያነከሱ ያሳርፉት ነበር። እኔ ሽቦውን ዝም አሰኘሁት እንጂ ጉልበቱን አላዳንኩትም።»

አሁን አልጋ ላይ ሆነው ስለቴን አግብቻለሁ እያሉ ይኩራራሉ፤ ትኩስ ጨርቅ የማደርግላቸው እኔ ነኝ። ዑመርም በየማታው እየመጣ ይስቅባቸዋል።

ትናንት ደብዳቤዎችሽን ከሣጥን አውጥቼ እንደገና አነበብኳቸው። ሁሉም «ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩም» ይላሉ። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ራስሽን አላመመሽም።

ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፣ በሰላም ለአገርሽ ያብቃሽ። አደራሽን ልጄ፣ የሚያምሽን ጻፊልኝ።

እናትሽ በለጠች