የማሩ አምሳያ

ቤተ ልሔም፣ ጋይንት
ጥር ፳፩ ቀን ፲፱፻፶፩ ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለይርጋ፣ ሁመራ።

ከበረሃው ንዳድ እመቤቴ ማርያም ትሰውርህ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ይህን ወረቀት ራስህ አንብበው፤ ለማንም አታስነብብ። ፊደል ያስተማርሁህ ለዚህ ነው።

ገብሱን ዘንድሮ ውርጭ መታው። ምስሩ ተርፏል። ቀዩ በሬህ አርጅቶ ከቀንበር ወጣ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ፤ በስሙም እጠራዋለሁ። በድንበር ጠብ ማሩን ገድለህ ከሸሸህ ወዲህ ወንድሙ ፈንታ ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ አያውቅም። በቃና ዘገሊላ ማግስት ሽማግሌዎች ለዕርቅ ከቤተ ክርስቲያኑ ወይራ ሥር ተቀመጡ። ከቤታችን ሌላ የሚጠራ ስለሌለ እኔን አስጠሩኝ።

የማሩ አባት አቶ እንየው ከሁሉ ቀድመው ተነሡ። «የልጄን አምሳያ ስጡኝ። ሌላ ቃል የለኝም» አሉ።

ቃል ያለቦታው ሲገባ ዝም ማለት አላውቅም። አባቴ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ፣ ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው፣ እኔን ከተማሪዎቻቸው ጋር እያስቀመጡ አንድ ቃል በሳትሁ ቁጥር አለንጋ ያነሡ ነበር። «አቶ እንየው፣ አምሳያ ማለት የሚመስል ማለት ነው እንጂ ያው ራሱ ማለት አይደለም» አልሁ። «በገብስ ማሳ የሚበቅለው ስናር የገብስ አምሳያ ነው፤ ገብስ ብሎ የሚዘራው ግን የለም። ለሞተ ሰው አምሳያ አይገኝለትም። ስለዚህ የሚጠየቀው ካሳ ነው። ከብቶቻችንን ውሰዱ።»

ፈንታ ሳቀ። «እመት አንጓች ዛሬም ቅኔ ቤት ያሉ መስሏቸዋል! ለመሆኑ ላም ወንድሜን ትመስላለች?»

ሰዉ አብሮት ሳቀ።

«አትመስልም» አልሁት። «ስለማትመስል ነው ካሳ የምትባለው፣ አንተ ባለጌ!»

አቶ እንየው ግን አልሳቁም። «እንግዲያ እርስዎ እንዳሉት ይሁን» አሉኝ። «እኔም የምሻው የሚመስለውን ነው። በዕድሜም በቁመትም ልጄን የሚመስል አንድ ሰው አለ። በአንድ ሳምንት ክርስትና ተነሥተው፣ በአንድ መስክ ከብት ጠብቀው ያደጉ ናቸው። ያለበትን ይንገሩኝና እንለያይ።»



ይኼኔ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አባ ገብረ ሥላሴ፣ ከመካከል ገቡ። «ሌላም መንገድ አለ። ልጅቱ ለፈንታ ትሰጥ፤ የምትወልደው ወንድ ማሩ ይባል። ደሙን ካፈሰሰው ቤት አምሳያውን ያገኛሉ» አሉ። ሽማግሌው ሁሉ «ይበል፣ ይበል» አለ።

ልጅቱ ያሉት ውባለምን ነው፤ ልጅህን። ጠጠር ለቅማ ቅልብልቦሽ ስትጫወት ነበር ትተሃት የሄድኸው። ዛሬም ትጫወታለች።

ወይ ይርጋ፣ ወይ ውባለም አሉኝ። መልስ አልሰጠሁም። ዝምታዬን እሺ ነው ብለው መረቁና ተነሡ። ዝምታና እሺታ አንድ አይደሉም ልል ቀና ስል፣ ሰዎቹ ነጠላቸውን እያጣፉ ቁልቁል ሲወርዱ አየሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያን ቃል እያላመጥሁት አድራለሁ። ውባለም ማሩን በምኗ ትመስለዋለች? አምሳያ ሌላ ነው፣ ምትክ ሌላ። አምሳያ መልኩ ይመስላል፤ ምትክ ባይመስልም በሌላው ቦታ ይቆማል። ለማሩ አምሳያ አልተገኘለትም፣ ልጄ። ላንተ ነው ምትክ የተገኘልህ።

ትናንት ፀጉሯን ስሠራት፣ «እምዬ፣ ፈንታ አባቴን ቢያገኘው ይተኩስበታል?» አለችኝ።

«ይተኩስበታል።»

«እኔንስ?»

«አንቺን አይነካሽም።»

«ታዲያ ምን ያደርገኛል?»

«ያገባሻል።»

ጥቂት አሰበችና፣ «እስከ መቼ?» አለች።

ለዚህ ትክክለኛውን መልስ አውቀዋለሁ። ጉንጉኗን ግን አጠበቅሁት።

ሠርጉ በየካቲት መጨረሻ፣ ጾሙ ሳይገባ ነው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደግኋት እኔ ስለሆንሁ መራቂዋም እኔ እንደሆንሁ ነገሩኝ።

ና አልልህም። አትምጣም አልልህም። ሁለቱም ቃል ከእጄ አልወጣ ብሎኛል፤ ሦስት ጊዜ ብዕሬን አንሥቼ አስቀምጫለሁ። ወረቀቱን የሰጠህ ነጋዴው አብዱልከሪም አፉ የታመነ ሰው ነው። ጭነቱን እንዳራገፈ ወደ ጋይንት ይመለሳል። «ስመለስ አንዲቱ በቅሎ ባዶዋን ናት» ብሎኛል።

የአባቶችህ አምላክ ልቡናህን ያብራልህ፤ እጅህን ከሌላ ደም ይጠብቅልህ፤ በሄድህበት ሁሉ በስምህ የሚጠራህ ሰው አያሳጣህ።

ያንተም የእሷም እናት፣
አንጓች ቀለመ ወርቅ