አባያ ላይ የተቀረጸ ዝምታ

ሴቻ፣ አርባ ምንጭ
ጥር 20 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለጌዲዮን፣ ጅግጅጋ

ልጄ፣ እንዴት ከርመሃል? እኔ ጉልበቴን ትንሽ ከማመሙ በቀር ደህና ነኝ። ያሳፈረኝን ነገር አስቀድሜ ልንገርህ፤ ከሌላ ሰው ከምትሰማው ይሻላል። እሁድ ዕለት ሰው በተሰበሰበበት ብድግ ብዬ ቴሌቪዥን ላይ ጮህኩ። ነጠላዬ ወደቀ፣ የጎረቤታችንን የጽጌሬዳን ሻይ ደፋሁ። እሷን ታውቃታለህ፤ እስካሁን ታችኛው ከተማ እስከ ሲቀላ ድረስ አዳርሳዋለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእህቴ ልጅ ፌቨን ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ትማራለች። ያንን ፈረንጆቹ አባትህን የቀረጹበትን የአሳና የአዞ ፊልም ከአስተማሪዋ በሲዲ አገኘች። “አክስቴ፣ ጋሼ ኤርጫፎ አሉበት። ካልፈለግሽ እመልሰዋለሁ” አለችኝ። ጽጌሬዳ ቤት ሄድን። የአባትህ የአሳ ማስገር ጓደኛ ኦይታም መጣ።

መጀመሪያ ደስ ይል ነበር። የአምባዛው ጢም ጣቴን ያህላል። ቆሮሶዋ አሳ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትዞራለች፤ ልጆቿም ሲደነግጡ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። ሠላሳ ዓመት ስጠብሳት ይህን አላውቅም ነበር።

“እኔ ከእንግዲህ አልበላትም” አለች ጽጌሬዳ።

“እስከ ማክሰኞ” አላት ኦይታ። ሳቅን።

ከዚያ አባትህ መጣ። ታንኳው ላይ ቆሞ መረቡን ሊስብ ነው፤ መቅዘፊያው እግሩ ሥር ተጋድሟል። መረብ ከመንካቱ በፊት አዞ እንዲርቅ ውሃውን በመቅዘፊያ ደጋግሞ እንደሚመታ ታውቃለህ። የዚያን ቀን ፈረንጆቹ የሐይቁን ድምፅ ልንቀዳ ነው፣ አትምታ አሉት። አስተርጓሚያቸው አንተ ነበርክ። ነገርከው፤ እሺ አለ።

“ምታው፣ ኤርጫፎ” ብዬ የጮህኩት እዚህ ጋ ነው።

ፌቨን ደንግጣ አቆመችው። ኦይታ ግን እንደገና አስኪጂው አላት። “ልክነሽ፣ እስቲ ወደ ዳር እይ፤ ማነው እሱ?” አለኝ።

አንተ ነህ። እስከ ወገብህ ውሃ ውስጥ ገብተህ ሁለት እጅህን ታወናጭፋለህ። ምን እንደምትል ከአፍህ አወቅሁ፤ “ምታው አባዬ” ነው የምትለው። አባትህ ወዳንተ ዞሮ ለመቅዘፊያው ጎንበስ አለ። ከዚያ አዞው የወሰደበትን ቆርጠው ነጫጭ ወፎች አሳዩ።

ድምፅህ ግን የለም። የሐይቁም የለም። ሙዚቃ ጭነውበታል። ለዚያ ድምፅ ብለው እጁን ያዙት፤ አንዲቷንም አልተጠቀሙባት።

“ጮኼ ነበር፣ ነፋሱ ወሰደው” ብለኸኝ ነበር። እኔ ግን ጨንቻ፣ በአባትህ አገር፣ ለቅሶው መሀል፣ ወንድሞቹ ሁሉ ቆመው፣ “አባትህን የገደልከው አንተ ነህ” አልኩህ። በአርባው ማግስት ሄድክ፤ ይኸው አምስት ዓመት። ትደውላለህ፣ ጤናዬን ትጠይቃለህ፤ መቼ ትመጣለህ ስልህ ኔትወርኩ ይበላሻል።

ልጄ፣ በድዬሃለሁ። ይህን በወረቀት ብቻ ጽፌ ልተወው አልችልም። የአባትህን አገር ሥርዓት ታውቃለህ፤ በሰው ፊት ያልኩህን በሰው ፊት ካላነሳሁት እንዳለ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ከኦይታ ጋር ጨንቻ እወጣለሁ። ሽማግሌዎቹ የሚሰበሰቡበት ሜዳ፣ ዱቡሻው ላይ፣ ልጄን ያለ ጥፋቱ ከስሼዋለሁ እላለሁ። ኦይታ “እዚያ የሚናገረው ወንድ ነው፤ ይቆጡሻል” ብሎኛል። “ተቆጥተው ይስሙኝ” አልኩት።

ና አልልህም። ሥራ እንዳለህ አውቃለሁ። ፍራሽህን ግን ዛሬ ፀሐይ ላይ አውጥቼዋለሁ፤ ዝም ብሎ ከሚሻግት ብዬ ነው።

የአባትህ አምላክ በሄድክበት ይቅደምልህ፤ ከክፉ ሰው ዓይን ይሰውርህ። እሁድ ከጨንቻ እንደወረድኩ ሽማግሌዎቹ ያሉኝን፣ ቢያባርሩኝም እንኳ፣ አንድ ሳላስቀር እጽፍልሃለሁ።

እናትህ ልክነሽ