የአባ ሞተር መሪ

ጎንደር፣ ቁስቋም
ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለዓይናዲስ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኔ ከወገቤ በስተቀር ደህና ነኝ። ምስጢርም ልጆቹም ደህና ናቸው። ከዱባይ በደወልሽ ቁጥር አባ አጠገቤ ቁጭ ብለው "ድምፁን ከፍ አርገው" ስለሚሉኝ የምነግርሽን ሁሉ መዋጥ ሆኖብኛል። ስለዚህ ጋራዥ ውስጥ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ፤ የጎረቤታችን ልጅ ሰርካለም ወደዚያ ስትመለስ ታደርስልሻለች።

የላክሽው ዕቃ ደርሷል። በነጠላሽ ጠቅልለሽው ስለነበር አባ መጀመሪያ ያሸተቱት ነጠላውን ነው። የአሠሪሽ ልጅ በአሸዋ ላይ ሞተር ሲነዳ መሪው እንዳይወዛወዝበት የሚያስረው አሞርዛተር እኛ ጋራዥ ገብቶ አያውቅም፤ ሁሉም እየተቀባበለ አየው። ነገሩ ቀላል ነው። ከመሪው ላይ ይታሰርና ድንጋይ ጎማውን ሲመታው ውስጡ ያለው ዘይት ምቱን ያበርደዋል። ከላዩ ያለችው ማዞሪያ ወደ ቀኝ ስትዞር ይጠብቃል፣ ወደ ግራ ስትዞር ይላላል።

አባ ከክረምት ጀምሮ "መሪዋ ትንቀጠቀጣለች፣ ልጣልህ ልጣልህ ትላለች" እያሉ ለኔም ላንቺም ሲያመለክቱ ከረሙ። እኔ የሰው ሞተር ስጠግን ውዬ የራሳችንን ዛሬ ነገ እላለሁ፤ የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይኸ ነው። በመስከረም አርማጭሆ ሊቀድሱ ሲሄዱ ከትክል ድንጋይ ወዲያ ባለው ቁልቁለት ከመንገድ ወጡ፤ ቁጥቋጦ ባይዛቸው ገደል ገብተው ነበር። ይተዉት ብንላቸው ምን እንዳሉ ራስሽ በስልክ ሰምተሻል፦ "እኔ ከቀረሁ ቄስ ተክለ ጊዮርጊስ ብቻውን ነው። በአንድ ቄስ ቅዳሴ የለም። እናታችሁ የተቀበረችበት ደጅ ይዘጋ?"

ለመግጠም ብዙ ደከምኩ። ማሰሪያው ለኛዋ ሞተር ልክ ስላልሆነ ቶርኖ ቤት ወስጄ ሌላ አስቀረጽኩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ብዬ መሪውን ሙሉ በሙሉ ፈታሁ፣ የሚዞርበትን ኩሽኔታ ቀየርኩ፣ የፊት ጎማውን አስተካከልኩ። መጀመሪያ ላላ አድርጌ ጠጠሩ ላይ ነዳኋት፣ ትንሽ አጠበቅሁ፣ ደግሞ ነዳኋት። ከልኩ በላይ ከጠበቀ ኩርባ ላይ አልታጠፍም ትላለች። እንዲህ ስመላለስ ዋልኩና ልኩን አገኘሁት። እውነቴን ነው፣ በአንድ እጅ ብትይዣት ውልፍት አትልም።

ደስ ብሎኝ አባን ጠራኋቸው። ሞተሯን ግቢ ውስጥ አጥፍቼ አቁሜያታለሁ። ወጡባትና መሪውን ጨበጡ።

"ይኸው!" አሉ። "ምነው፣ አልተዋትም እኮ! ጠበቅ አርጋት።"

ነፋስ ሳይኖር በመስታወቷ የሚታየው የግቢያችን ወይራ ይርገበገብ ነበር። የጠፋች ሞተር ደግሞ መሪዋ አይንቀጠቀጥም፣ ዓይናዲስ።

ማዞሪያዋን ትንሽ አዞርኩ። "ጨምር" አሉ። ጨመርኩ። "ጨምር" አሉ። ምን ላድርግ? እስከ መጨረሻው አዞርኳት። ከዚያ የሞተሯን ቁልፍ አዩ፣ እጃቸውን አዩ፣ ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት። ያኔ ሁሉም ነገር ገባኝ፤ መስቀል ሲያሳልሙ በሁለት እጃቸው መያዝ የጀመሩት፣ ምስጢር ሻይ ስታቀርብ "ቆይ ይብረድ" እያሉ ሁላችንም እስክንወጣ የሚጠብቁት።

"አባ" አልኳቸው፣ "ይኸ አዲስ ዕቃ ነው። እስኪላመድ የገጠመው ሰው ነው የሚነዳው።"

"እስከ መቼ?"

"እንደ መንገዱ ነው።"

"ይሁን። አንተ ያዛት፣ እኔ ከኋላ እሆናለሁ" አሉ። እንዲህ ያለ ውሸት የሚያምኑ ሰው እንዳልሆኑ አንቺም ታውቂያለሽ። እሳቸው ሲወርዱ ማዞሪያዋን ወደ ልኳ መለስኳት።

ከዚያ ወዲህ ሳምንቱን ጋራዥ እውልና ቅዳሜ ከሰዓት ወደ አርማጭሆ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ጎንደር። ምስጢር "ለመሆኑ ባል አለኝ?" ትለኛለች። ደክሞኛል፣ እህቴ። መንገዱ ተዘግቷል ሲባል ደስ ይለኛል፤ ወዲያው ደግሞ አፍራለሁ። ሐኪም ቤት የመሄዱን ነገር ቀስ ብዬ አመጣዋለሁ። አንቺ ስትደውዪ ስለ መሪው ጠይቂያቸው፤ ስለ እጃቸው ግን አደራ አታንሺ። መጀመሪያ ራሳቸው ይንገሩን።

ባለፈው ቅዳሜ ያ ቁልቁለት ላይ ስንደርስ አባ ወገቤን በሁለት እጃቸው ይዘው ነበር። ጃኬት ደርቤ እንኳ ይሰማኛል፤ እጃቸው ለአፍታ አያርፍም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ "አየህ፣ ሸጋ ሆነች። አሁን አትንቀጠቀጥም" አሉኝ።

"አዎ አባ፣ ትታለች" አልኳቸው።

እንደ ወትሮው ምርቃቱን ከደብዳቤው ግርጌ በገዛ እጃቸው እንዲጽፉልሽ ዛሬ ጠዋት ባዶ ወረቀት ሰጥቻቸው ነበር። "መነጽሬን አጣሁት፣ አንተው ጻፍልኝ" አሉ። መነጽሩ ዓይናቸው ላይ ነበር። ያሉኝን ይኸው ጻፍኩልሽ፦ የያዝሽው ይባረክ፣ የረገጥሽው ይለምልም፣ እመ ብርሃን ለአገርሽ አፈር ታብቃሽ።

ወንድምሽ መልካሙ