በመቃብሬ ላይ ዝም አይባልም

«ቄሱ በመቃብሩ አጠገብ እንዲቆሙ ይፈቀዳል። በግዕዝ ድምፅ አውጥተው መጸለይ ግን አይፈቀድላቸውም፤ በልባቸው ካሰቡት እንደ ጸለዩ ይቆጠራል።»

ከዕብራይስጥ ቃል በቃል የተረጎምሁት እኔ ነኝ። ምንም አልጨመርሁበትም፤ እንዲህ ባለ ጽሑፍ ላይ ምን ይጨመራል? የእኛ የኢትዮጵያ አይሁድ ካህን ቄስ በላቸው በቀብሬ ላይ በግዕዝ ይጸልዩልኝ ብዬ ለጠየቅሁት፣ ከአይሁድ ቀብር ማኅበሩ የመጣልኝ መልስ ነው። የፈረመው በማኅበሩ የሃይማኖት ጥያቄ ሲመጣ የሚፈርደው መምህር፣ ረብ ይኖን ዘመኑ ይባላል። ልጄ ነው።

እኔ ዘመኑ ቢራራ፣ የሃምሳ ስድስት ዓመት ሰው፣ ዛሬ እሑድ ጃንዋሪ 11 ቀን 2026፣ ፔታሕ ቲክቫ ከተማ፣ ኔቬ ኦዝ ሰፈር ባለው ቤቴ፣ ልቤ ታሞ አእምሮዬ ግን ጤነኛ ሆኖ ይህን እናዘዛለሁ። ልቤን ሐኪሞች በዚሁ ወር በ25 ይከፍቱታል። የምናገረውን የሚጽፉት ጎረቤቴ ጋሼ ታከለ ናቸው። ከእርሳቸው ጋር የምትመሰክረው እኅቴ ጥሩአየሁ ናት፤ ምስክር መውረስ ስለማይችል ምንም አልሰጣትም።

«ባልመሰክርስ ትሰጠኝ ነበር?» አለች። ጋሼ ታከለ፣ ይህንንም ይጻፉት።

አንደኛ፤ ቤቱ ለባለቤቴ ለፋንትነሽ ነው። ሠላሳ ዓመት ከእኔ ጋር መኖር ምክንያት ካልሆነ ሌላ ምክንያት አላውቅም።

ሁለተኛ፤ መጻሕፍቴ ለይኖን ናቸው። በዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፌን የጻፍሁት ካዙኢስቲካ ስለሚባለው ነገር ነው፤ ልጄም የሚሠራበትን ሙያ ስሙን እንኳ ይወቅ። ቃሉ የመጣው በላቲን «ጉዳይ» ከሚለው ነው። ጠቅላላውን ሕግ ይዞ ወደ አንድ ሰው ጉዳይ መውረድ፣ ማን ነው፣ የት ነው፣ ምን ገጠመው ብሎ ጠይቆ መፍረድ ማለት ነው። የእኛ ሊቃውንት ከሺህ ዓመት በላይ ከሩቅ አገር ጥያቄ ሲላክላቸው እንዲህ ሲመልሱ ኖረዋል። የካቶሊክ ካህናትም ኃጢአተኛን ሲያናዝዙ በዚሁ ይሠሩ ነበር። ኋላ ግን፣ በዐሥራ ስድስተኛውና በዐሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን፣ «ግማሹን በአፍህ ተናገር፣ ግማሹን በልብህ ጨርስ፣ አልዋሸህም» የሚሉ ብልሆች ተነሡ፤ ቃሉም ስድብ ሆኖ ቀረ። በእኛ ዘመን ሐኪሞች ለበሽተኛ ሲሉ መልሰው አንሥተውታል። ልጄ ግን የመረጠው የብልሆቹን ነው። አራት መቶ ዓመት ቢዘገይም ደርሷል።

ስልክ ደውዬ ጠይቄው ነበር።

«አባ፣ አልከለከልኩም እኮ።»

«ፈቀድህ?»

«በተወሰነ መልኩ።»

«ቄስ በላቸው ከንፈራቸውን ቢያንቀሳቅሱስ?»

«ድምፅ ካልወጣ በሰደር፣ ችግር የለም።»

«ቢያስነጥሳቸውስ?»

ዘጋብኝ።

ሕግ አታውቅም እንዳይለኝ፣ አባቴ ቄስ ቢራራም ጉዳይ ይፈርዱ ነበር። በሱዳን መንገድ ይህች ጥሩአየሁ፣ ያኔ ትንሽ ልጅ፣ በውኃ ጥም ምላሷ ላንቃዋ ላይ ተጣበቀ። አንዲት የአገሩ ሴት በቆርቆሮ ውኃ ዘረጋችላት። ከእኛ ወገን ያልሆነ ሰው በነካው ዕቃ አንጠጣም ነበርና ሽማግሌዎቹ «አይሆንም» አሉ። አባቴ ግን «ሕጉን የሰጠ ልጅቱንም ሰጥቷል። ጠጪ፤ በደሉ በእኔ ላይ ይሁን» አሉ። «በልብሽ ጠጪ፣ እንደ ጠጣሽ ይቆጠራል» አላሉም።

«ውኃው ጨው ጨው ይል ነበር» አለች ጥሩአየሁ።

ሦስተኛ፤ መኪናዬም ለይኖን ናት። በአጠገቧ እንዲቆም ይፈቀዳል። ሞተር ማስነሣት ግን አይፈቀድለትም፤ በልቡ ከነዳት ሮሽ ሃዓይን እንደ ደረሰ ይቆጠራል።

«ኧረ ወንድምዓለም፣ ልጅህ ነው!» አለች እኅቴ።

ልጄ መሆኑን አልካድሁም። በተወሰነ መልኩ።

ጋሼ ታከለ ብዕራቸውን አንሥተው «ይህ ፍርድ ቤት ፊት ይጸናል?» ብለው ጠየቁኝ። የልጄ ከጸና የእኔም ይጸናል፤ ይጻፉት።

አራተኛ፤ ቀብሬ። ቄስ በላቸው ፍትሐቱን በግዕዝ፣ መንገድ ማዶ ያለ ሰው እስኪሰማው ድረስ ይጸልዩልኝ። ከቤታችን በግዕዝ ሳይሸኝ የተቀበረ ሰው የለም፤ እኔም የመጀመሪያው አልሆንም። ይኖንም ልጅ ለሞተ አባቱ የሚለውን ጸሎት፣ ካዲሹን ይበል፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይበል። እኔ ማንንም በልብህ ጸልይ አልልም።

እኛ ጥሩአየሁ ቢራራና ታከለ አየነው፣ ተናዛዡ ይህን ሁሉ በፊታችን ሲናገር ሰምተናል። አእምሮው ጤነኛ፣ ቁጣውም ጤነኛ እንደ ነበር መስክረን ፈርመናል።

ዘመኑ ቢራራ (ፊርማ)
ጥሩአየሁ ቢራራ (ፊርማ)
ታከለ አየነው (ፊርማ)

ከፊርማው በታች ተናዛዡ ያስጨመረው፤

ይኖን፣ እስከ ሐሙስ ጃንዋሪ 22 ቀን ድረስ በጽሑፍ መልስ እፈልጋለሁ። «ይጸልዩ» ወይም «አይጸልዩ»፤ ሦስተኛ ቃል አልቀበልም። «ይጸልዩ» ካልህ መኪናዋን እንደ ሰው ትነዳታለህ። «አይጸልዩ» ካልህ የማኅበርህን መሬት ትቼ፣ የቄስ ልጅ ሆኜ፣ ሃይማኖት ከማይጠየቅበት መቃብር እገባለሁ፤ አንተም እዚያ ድረስ መጥተህ ትቆማለህ። መልሱን በዕብራይስጥ እንዳትጽፈው፤ በአማርኛ፣ በእጅህ ጻፈው። ፊደል ያስቆጠርሁህ እኔ ነኝ። ስሕተት ካለበት አርሜ እመልስልሃለሁ፤ እስከዚያ ለመቆየት አስቤአለሁ።