ምሰሶው ላይ የሰቀልኩት ብረት

ትራይፊናዬ፣

የፖስት ካርዱ ሥዕል ላይ ያለው ፀሐይ አያታልልሽ፤ የወደብ ከተማዋ ፕላሴንሺያ በጉም ተውጣለች። የእህቴ ልጅ ሮንዳ ግን ጉሙን ከምንም አትቆጥረውም፤ ዛሬ የመርከቦችን ጉዞ የምትከታተልበት የራዳር ክፍል አስገባችኝ። ሰፈራችንን የሚያክል ነዳጅ ጫኝ መርከብ ወደ ባሕረ ሰላጤው ሲገባ በስክሪኑ አየን። ከፊቱ አንዲት ትንሽ ነጥብ አለች።

«አክስቴ፣ ይቺ ደሞ የማን ናት? የእንጨት ጀልባ እንዲህ አይታየንም» አለችኝ።

«የእኛ ናታ! ራዳር እንዲያያት ምሰሶዋ ላይ ብረት ሰቅዬላታለሁ። ባሌ ጋርላንድ ነው ያለባት» አልኳት።

ወዲያው ለካፒቴኑ በሬዲዮ ነገረችው፤ መርከቡም ዞሮ አለፈ። እኛ ጋ ቢሆን ጉም ውስጥ ባልዲ እየደበደብን ከመጮህ ሌላ ምን አለን?

ባልሽ ኤልያብ «ራዳር የሚያየው ብረት ሰቅለሽ የዓሣ ቦታችንን ለአገር ልታሳዪብን ነው» እያለ ሲያሾፍብኝ አልነበር? አገር ይየው። ዓሣውን የፈለገ ይውሰድ፣ ባሌን ግን ለማንም መርከብ አልሰጥም።

ቦታ አለቀብኝ፤ ልጆቹን አንድ በአንድ ሳሚልኝ። ለእናንተም ጀልባ ብረት ገዝቻለሁ። ኤልያብ እምቢ ካለ ራሴ ወጥቼ እሰቅለዋለሁ፤ አንቺ መሰላሉን ያዥልኝ።

ድሩሲላ