ለበሬው ያበላነው ጣሪያ

ጥሩዬ፣ የቤቴ ጌጥ፣

በደብረ ታቦር ምድር እንደኔ የሚጽፍ የለም። እሺ፣ አስተማሪው አለ። በመሠረተ ትምህርቱ ከፊቴ የምትቀመጠው ጠላ ጠማቂም ትበልጠኛለች፤ ከእሷ ቀጥሎ ግን እኔ ነኝ። ማታ ማታ በኩራዝ ፊደል ቆጥሬ፣ የመጀመሪያው ደብዳቤ ላንቺ ይሁን አልኩ።

ከተለየሽኝ ዕድሜ ሆነ። ያኔ ጣሊያን ገና በላያችን ነበር፤ ዛሬ ልጆቻችን ወልደው አያት አድርገውሻል። ቤቱም ቆርቆሮ ለብሷል። ዝናብ ሲወርድበት ጩኸቱ አያስተኛም፤ እኔም ያንን ዓመት እያሰብኩ እገላበጣለሁ።

ዝናብ ጠፍቶ፣ ገብሱ ሳያዘረዝር የደረቀበትን ዓመት ነው የምልሽ። የተረፈችንን ጭድ የጣሊያን ወታደሮች ለበቅሎዎቻቸው ጫኗት። በሬያችን ቡሬ ጎድኑ ተቆጥሮ መነሣት አቃተው። እኔ ሳይሞትብን አርደን እንብላው ስል፣ አንቺ መሰላል አቁመሽ የቤታችንን የሳር ክዳን እየነቀልሽ ታበይው ጀመር። «እኛ ሰማይ ለብሰን እናድራለን፤ እሱ ግን ሰማይ አይበላም» አልሽኝ። ለዘር ያስቀመጥናትንም ገብስ እንዳልነካት የጎታውን አፍ በጭቃ መረግሽው።

የኔ አፍ መቼ ያርፋል! ዝናብ ሳይመጣ ከነጉልላቱ መልሼ እከድነዋለሁ ብዬ ፎከርኩ። በምን ሳር? ከጋፋት እስከ እብናት እፍኝ ሳር አልነበረም።

ስንት እግዚኦታ ያደረስንበት ዝናብ በሰኔ መጣ፤ መጀመሪያ የገባውም እኛ ቤት ነው። አገሩ እልል ሲል አንቺ ልጆቹን በጉያሽ ከልለሽ ስትረጥቢ አደርሽ። የጠራነው እንግዳ እጓዳችን ድረስ መጣ ብዬ ሳቅሁ። አንቺም ሳቅሽ። ከዚያ ሳልሽ፤ ሳሉም አልለቀቀሽ። ምነው ያኔውኑ እናትሽ ቤት ባደረስኩሽ! እኔ ቡሬ ተነሣልኝ ብዬ፣ ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅቼ ልዘራ ሮጥኩ።

ገብሱ አሸተ። እሸቱን በእጄ አሽቼ አጎረስኩሽ፤ ጣፈጠኝ አልሽ፤ ከዚያ አረፍሽ።

ቡሬ ብዙ ክረምት አርሶልናል። ልጆቻችን ባደጉበት እህል ሁሉ እጅሽ አለበት። በየመስከረሙ የመጀመሪያውን እሸት ስምሽን ሳልጠራ አልቀምስም፤ እስካለሁ ድረስም እንዲሁ ነው።

ጥሩዬ፣ እሸቱን አጎረስኩሽ ያልኩት ፈጠራ ነው። ልጆቹን እንዲያ እያልኩ ስላሳደግኋቸው እጄም ለምዶ ጻፈው። አንቺ ግን ታውቂዋለሽ። ስንቀብርሽ ገብሱ ገና ከመሬት ብቅ ማለቱ ነበር።