ሽፋኑ የኔ ነው

ሰኞ፣ ኤፕሪል 7

ሥራ ዋልኩ። የጥርስ ሐኪሙን ሳሎን ሁለተኛ ዙር ቀባሁ። ምሳ፣ ዳቦ በቱናና በሃሪሳ ድልህ። ማታ የጎልማሶች ትምህርት።

እንግዲህ ደብተሩ ይኸውና። መምህርት ሱንዱስ ናት ግዙ ያለችን። በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ጻፉ፣ ለማንም አይደለም፣ እጃችሁ እንዲፍታታ ነው አለች። የኔ እጅ ምን ሆነና? ዕድሜዬን ሙሉ በአውራ ጣቴ ስፈርም ኖሬ፣ ባለፈው ሴፕቴምበር የዐረብኛ ፊደል መማር ጀምሬ፣ ይኸው ዛሬ ጋዜጣ አነባለሁ። ርዕሱን ማለቴ ነው። በክፍሉ ውስጥ እንደኔ ፊደል የሚያሳምር የለም። ለጉራ አይደለም የምጽፈው... ማን ሊያየው? እውነት ስለሆነ ነው።

አዲስ ወሬ አለ። የሥዕል ተማሪዎች ሊመጡልን ነው። ከኛ ጋር ሆነው ስለ ከተማችን ስለ ስፋክስ መጽሐፍ ሊሠሩ። በሥዕል የተሞላ መጽሐፍ። ጽሑፉ በኛ በራሳችን እጅ ይጻፋል፣ ሥዕሉን እነሱ እያሳዩን እኛው እንሠራለን። ሜይ ላይ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ለሕዝብ ይቀርባል።

ለሰሉሃ ነገርኳት። "አንድ ሊቅ ለአንድ ቤት ይበቃል" ብላ ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች። አብረን እንማር ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኳት። ሚስቴ ግትር ናት።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 10

መጡ። አለቃቸው ዩስር የምትባል ልጅ ናት። ፀጉሯን እንደ ወንድ ተቆርጣለች፣ ጥፍሯ ሥር ቀለም አለ። ወደድኳት። ጥፍሩ ሥር ቀለም የሌለበት ሰው አላምንም።

ገጽ ተከፋፈልን። እትዬ መብሩካ የዓሣ ገበያውን ወሰደች። ሳትጠይቅ ነው የወሰደችው፣ ሠላሳ ዓመት ዓሣ ስለሸጠች ገበያው የእናቷ ቤት ይመስላታል። አንዱ ወደቡን፣ አንዱ የወይራ መጭመቂያውን። እኔ ሁሉንም መጻፍ እችላለሁ አልኩ። የዚህን ከተማ ግማሽ ግድግዳ የቀባሁት እኔ አይደለሁም? ሳቁ። ቁም ነገሬን ነበር።

ከዚያ የሽፋኑ ነገር ተነሳ። ሥዕል የለውም፣ የከተማዋ ስም ብቻ በትልቁ። እጄን አወጣሁ። ሌላ ሰው ሳያወጣ ተነሥቼም ቆምኩ።

"ላዝሃር" አለች መብሩካ፣ "ምላስህን እዚያ ላይ እንለጥፈው። ርዝመቱ ይበቃል።"

ሰጡኝ። ግን መምህርት ሱንዱስ አንድ ነገር አከለች፤ በጊዜው ካልደረሰ ወይም ካላማረ ስሙን በኮምፒውተር ታስጽፈዋለች። በኮምፒውተር! እኛ በእጃችን በጻፍነው መጽሐፍ ላይ። አይሆንም። ሽፋኑ የኔ ነው።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 14

የሥዕል ማተም ትምህርት። ሊኖ የሚባል ነገር አለ፤ ወለል ላይ እንደሚነጠፈው ፕላስቲክ ያለ፣ ለስለስ ያለ። በትንሽ መሮ ይቀረጻል። ያልተነካው ላይ ቀለም በሮለር ይቀባል፣ ወረቀት ይጫናል፣ ይነሣል። በቃ። ሮለር አያያዜን ሲያዩ ሥራቸውን ትተው ተመለከቱኝ።

ዩስር ደጋግማ አንድ ነገር ተናገረች። የሚወጣው ሁሉ ተገልብጦ ነው፣ ቀኙ ግራ ይሆናል፣ ፊደል ስትቀርጹ ተጠንቀቁ አለች። እኔ ኦክቶፐስ ቀርጬ አተምኩ። አየሁት... ያው ነው። ከዚህ አየሁት፣ ከዚያ አየሁት፣ የቀረጽኩት ኦክቶፐስ ራሱ ነው። የት ተገለበጠ? ልጅቷ ታጋንናለች። ወጣት ናት፣ ምን ይደረግ።

የሽፋኑን ትልቁን ሊኖ ቤት ወሰድኩት። የዚያን ያህል የሚሆን አንድ ብቻ ነው ያለው፣ ሌላ ከፈለጉ ከቱኒስ ይታዘዛል። ዩስር ከመቅረጽዎ በፊት ንድፉን ልየው ጋሼ አለችኝ።

"ልጄ፣ የኔን ፊደል የሚያርም ገና አልተወለደም።"

ደህና አባባል ነበር። ክፍሉ ሁሉ ወደደው።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 15

የወዳጄ የሻድሊ ሻይ ቤት። ስለ ሽፋኑ ነገርኩት። ለሱ ብቻ ነበር ልነግረው ያሰብኩት፣ ድምፄ ትልቅ ስለሆነ ሁሉም ሰሙ። ሻድሊ ከባንኮኒው ጀርባ ብርጭቆ እያጠበ፣ አንተ የጻፍከው ሽፋን ካልወጣ እዚሁ ወንበር ላይ ሪዝህን እንላጭሃለን አለ። እሺ አልኩ። ሪዜን ከሠርጌ ቀን ጀምሮ ምላጭ ነክቶት አያውቅም።

ምን ያስፈራል?

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 19

ቀኑን ሙሉ ስቀርጽ ዋልኩ። ጣቴን ቆረጥኩ። ሰሉሃ በጨርቅ አሰረችልኝና ሊኖውን አየች።

"ይሄ ቢጫው አውቶቡስ ግንባር ላይ ያለው አይደለም?"

ነው አልኳት። ስፋክስ ይላል። ቆንጆ ነው አለች። ሰሉሃ የኔን ሥራ ቆንጆ አትልም። አውቶቡሱን ሊሆን ይችላል ያመሰገነችው።

ፊደሎቹ ግን... እንዴት እንደሚያምሩ! ቀጥ ያሉ፣ ወፈር ያሉ። አውራ ጣቴ ይህን ቢያይ ያፍር ነበር። አይቷል ለካ፣ እሱም ነው መሮውን የያዘው።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 24

ምን ብዬ ልጻፍ።

ሁሉም ተሰብስበው ነበር። ቀለሙን ራሴ ቀባሁ፣ ጠገብ አድርጌ። ወረቀቱን አለበስኩት፣ ተጫንኩት፣ ንግግርም አደረግኩ። ከዚያ ገለጥኩት።

ሁሉም ወደ ወረቀቱ አጎነበሱ። እኔ ራሴ ምን እንደሆነ እስኪገባኝ ቆየሁ። ፊደሎቹ አሉ። ግን እንደ ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ በመሄድ ፈንታ ከግራ ተነሥተው ወደ ቀኝ ይሄዳሉ፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኛል። በመስታወት ውስጥ እንዳለ ጽሑፍ። ከስፋክስ እስከ ቱኒስ ማንም የማያነበው ስም።

"ወይ ጉድ" አለች መብሩካ ቀስ ብላ። "ከተማዋ ፊቷን አዞረችብህ።"

ዩስር ነግሬዎት ነበር አላለችም። ብትል ይሻለኝ ነበር። መምህርት ሱንዱስ ሌላ ሊኖ እስኪመጣ ቀኑ ያልፋል አለች። በኮምፒውተር እናድርገው ጋሽ ላዝሃር፣ ምንም አይደል አለች። ምንም አይደል!

ኦክቶፐስ... የትኛው ነው ግራ እጁ? ማን ያውቃል? ለዚህ ነው ያታለለኝ።

ያገኘሁት ላይ ተቀመጥኩ። ሰው እስኪበታተን አልተነሣሁም። በሻድሊ በር ላለማለፍ በድሮው ከተማ ግንብ ዞሬ ሄድኩ። ከኋላዬ የሚስቁ ነበሩ። አንዷ ሴትዮማ ቅርጫቷን አስቀምጣ ነው የሳቀችው። ወሬው ቀድሞኝ ወጥቷል አልኩ... እንዴት ፈጠነ?

ቤት ገባሁ። ሰሉሃ ከኋላዬ ቆመች። ከዚያ፦

"ላዝሃር፣ ቂጥህ ላይ ስፋክስ ተጽፏል።"

ሱሪዬን አወለቅኩ። ነጩ የሥራ ሱሪዬ ነው። ያገኘሁት ላይ ተቀመጥኩ አላልኩም? የተቀመጥኩት ያልደረቀው የሽፋኑ ወረቀት ላይ ኖሯል። እና ሱሪው ላይ... ስሙ ቀጥ ብሎ፣ ከቀኝ ተነሥቶ፣ እንደ ሕጉ ቁጭ ብሏል። ስፋክስ።

"አነበብሽው?" አልኳት።

"ምን አነበዋለሁ፣ የአውቶቡሱ ነው። አውቄው ነው።"

ልዩነቱ ምንድን ነው? አልጠየቅኳትም።

እሑድ፣ ኤፕሪል 27

ሱሪው ወንበር ላይ ተሰቅሏል። እኔ አየዋለሁ፣ እሱ ያየኛል።

ሽፋኑ የሚድንበት ነገር እዚያ ላይ ያለ ይመስለኛል። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ዩስር ታውቃለች። ግን ለማሳየት ሱሪውን ይዤ ክፍል መግባት አለብኝ። በሁሉም ፊት። በመብሩካ ፊት! ቂጤን ታቅፌ።

ቢቀርስ? በኮምፒውተር ይጻፍ። ሪዜንም ይላጩት፣ ይበቅላል።

ሰሉሃ ሳሙና ይዛ መጣች። ልጠበው ወይስ ትወስደዋለህ አለች። እንዴት አወቀች? ምንም አልነገርኳት።

ተዪው አልኳት።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 28

ወሰድኩት። በፌስታል። ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ፣ ሳልቀልድ፣ የሆነውን እንደሆነ ተናገርኩ። በአጭሩ። በሕይወቴ በአጭሩ ስናገር የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።

ሳቁ። አልዋሽም፣ ጣሪያው እስኪነቃነቅ ነው የሳቁት። መብሩካ ዕንባዋን በሻሿ ጠረገች። ከሁሉ ቀድማ የሳቀችው ዩስር ነበረች፣ ከሁሉ ቀድማ ያቆመችውም እሷ። ሱሪውን አንሥታ መስኮቱ ላይ ያዘችው።

"ጋሼ፣ ሁለቴ ገለበጡት እኮ። ወረቀቱ ገለበጠው፣ ሱሪዎ መለሰው።"

ወዲያው ሞከረች። መጀመሪያ ሊኖውን ለስላሳ ላስቲክ ላይ አተመች፣ ላስቲኩን ገና እርጥብ እያለ ወረቀት ላይ ተጫነች። ገለጠች። ስፋክስ! የኔ ፊደል፣ ቀጥ ብሎ። ነገር ግን ፈዛዛ ነው። ሁለት ቦታ ሲሄድ ቀለሙ ያልቃል። ሰማያዊው ውሃ ሆኗል።

መምህርት ሱንዱስ ፊቷን ጨፈግ አደረገች። ደብዝዟል፣ ከሩቅ አይታይም አለች። ሱሪዬን መጠቅለል ጀመርኩ። ያኔ መብሩካ ወረቀቱን ወሰደችና ክንዷን ዘርግታ ራቅ አድርጋ አየችው።

"በጀልባ ጠዋት ስትመጡ ከተማዋን አይታችሁ አታውቁም? ጉም ሲኖር? ይኸው ናት። እንዲህ ናት።"

ማንም አልተከራከራትም። ባሏ ከባሕር አልተመለሰም፣ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። መምህርቷ ወረቀቱን እንደገና ተቀበለችና እሺ አለች።

ሽፋኑ የኔ ነው። እሺ፣ የኔና የሱሪው። የመብሩካም።

ሰኞ፣ ሜይ 5

አተምን። ጀርባዬ ተቆረጠ። እጄ እስከ ክርኔ ሰማያዊ።

ሐሙስ፣ ሜይ 8

መስፋት። መጽሐፉን በመርፌና በክር ነው የምንሰፋው። ዩስር የኔን ስፌት ፈታ እንደገና ሰፋችው። ፊደል እንጂ መርፌ አልተማርኩም።

ቅዳሜ፣ ሜይ 17

የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ። ነጭ ሸሚዝ ለበስኩ፣ ሪዜን በዘይት አሸሁ። መጽሐፎቻችን ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል። ከሩቅ ሲታዩ... እውነትም ጉም ውስጥ ያለ ከተማ። ስማችን ከኋላ ነው፣ በተመዘገብንበት ተራ። አራተኛ ነኝ። መብሩካ ሁለተኛ ናት። አንደኛ መሆን የነበረበት ማን እንደሆነ አልጽፍም።

ሻድሊ መጣ። የሻይ ቤቱን ሰዎች አስከትሎ። ሽፋኑን አየና፣ አንተ ነህ የጻፍከው፣ እሺ፣ ግን ለምን ደበዘዘ አለ። መልስ ይዤ ነበር የሄድኩት። የጊዜው ፋሽን ነው ልለው፣ በአውሮፓ ሁሉ እንዲህ ነው ልለው ሦስት ቀን ተለማምጄዋለሁ።

ከአፌ የወጣው ግን የሱሪው ነገር ነው። ከመጀመሪያው፣ ከኦክቶፐሱ ጀምሬ። ሻድሊ ጠረጴዛውን ተደግፎ ሳቀ። ሲጨርስ፣ ሪዙ ይቆይ አለ። መጽሐፉንም ለሻይ ቤቱ ወሰደ።

ሰሉሃ ዘግይታ መጣች። ቀዩን ሻርፕ አድርጋ። መጽሐፉን አነሣች፣ ጣቷን ሽፋኑ ላይ ከቀኝ ወደ ግራ አስኬደች። ከዚያ ገለጠችው። የዓሣ ገበያው ገጽ ላይ ብዙ ቆየች። ላንብብልሽ ልላት ነበር። ዘጋችው።

"መቼ ነው የምትማሩት?"

"ሰኞና ሐሙስ። ስምንት ወር ሙሉ እራት የምታቆይልኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ?"

"እኔ መቼ ልምጣ ነው ያልኩህ፣ አንተ ሰውዬ።"

ሰኞ፣ ሜይ 19

አብረን ሄድን። እሷ ከፊት፣ ከመብሩካ አጠገብ ተቀመጠች። ከኔ አጠገብ ቦታ ነበረ።

መምህርት ሱንዱስ የምታውቂው ቃል ካለ ሰሌዳው ላይ ጻፊልን አለቻት። ተነሥታ ጠመኔውን ያዘች፣ እንደ ማንኪያ። ቀስ እያለች ጻፈች። ስፋክስ። ከአውቶቡሱ ይሁን ከሱሪው እንጃ። የመጨረሻውን ለመጻፍ ምላሷን ነክሳ ነበር።

ከፊደሎቹ አንዱ ላይ ነጥብ ጎድሏል፤ ያለ እሱ ቃሉ ልክ አይሆንም።

ዞራ እኔን አየችኝ። ልክ ነው? ዓይነት።

ክፍሉ ሁሉ ወደኔ ዞረ። እኔን ያውቁኛል፣ ሳልናገር እንደማልቀር። መብሩካማ መሳቅ ጀምራለች።

ዝም አልኩ። እኔ ላዝሃር።

ነጥቡን ራሷ አገኘችው።